ቦርሳዎን ይክፈቱ! በመዝናኛ ፓርኮች በር ላይ ስለሚደረገው ፍተሻ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በጁን ወር ሲዘጉ በየአበሻው ቤት አንድ ውትወታ ይጀመራል። «መቼ ነው ዲዝኒ የምንሄደው?» የሚል። ወላጅም በኦቨርታይም ያጠራቀመውን ቆጥሮ፣ ከሥራው ፈቃድ ለምኖ፣ አንዳንዱም ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡትን አያት ጨምሮ ወደ ኦርላንዶ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ይነሳል። ቲኬቱ፣ ሆቴሉና የመኪና ኪራዩ ሲደመር ለአንድ ቤተሰብ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደረስ መጀመሪያ የሚቀበለን ሚኪ ማውስ ሳይሆን ጓንት ያጠለቀ ጥበቃ ነው። «ቦርሳዎን ይክፈቱ» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ይሁንና በዚያች ደቂቃ ምሳው የተጣለበት፣ ልጆቹን በሰልፍ ላይ አቁሞ ወደ መኪናው የተመለሰ፣ ከዚያም አልፎ እጁ በካቴና ታስሮ የተወሰደ ሰው አለ። ዜግነት ላልያዘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከመዝናኛው ቀን አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ይህ ፍተሻ ከየት እንደመጣ፣ ፈታሹ ምን ሥልጣን እንዳለውና በእውነት የሚፈልገው ምን እንደሆነ ማወቁ አይከፋም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ እኛ ለፍተሻ እንግዶች አይደለንም። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ ሲኒማ ቤት፣ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገቡ መፈተሽ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቷ በሌላ በኩል ትቆማለች፤ እጅ ወደ ላይ ይነሳል፤ ፈታሹ ጎንና ጎኑን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «እለፍ» ይላል። የሚፈለገው የጦር መሣሪያ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢበዛ ካሜራና ላፕቶፕ ጥያቄ ያስነሱ ይሆናል እንጂ በፌስታል የተያዘ ዳቦ ቆሎ ማንንም አያሳስብም። እዚህ የሚያደናግረን ይኸው ነው። ሰውነትን የሚዳብስ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ዳቦ ቆሎው ግን ያስጠይቃል። ከአገር ቤት የመጡ እናት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሲቆሙ ጥበቃው ግራ ይገባዋል፤ እሳቸውም ደግሞ ሰውየው ስለ ውሃ ጠርሙሳቸው ለምን እንደሚጠይቃቸው አይገባቸውም።

ለነገሩ ፍተሻው በአሜሪካ ፓርኮችም ዱሮ የነበረ አይደለም። ዲዝኒላንድ በ1955፣ ዲዝኒ ወርልድ በ1971 ሲከፈቱ ሰው ቲኬቱን ይዞ ዘው ብሎ ይገባ ነበር። ጠረጴዛዎቹ የተዘረጉት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የሚታየው ቦርሳ ብቻ ነበር። ቦርሳ ያልያዘ ሰው በሌላ መስመር በቀጥታ ያልፋል። ኪሱን፣ ወገቡን የሚያይ አልነበረም። የዚህ ክፍተት ውጤት በሜይ 2013 በግልጽ ታየ። በዲዝኒ ወርልድ የእንስሳት ፓርክ ውስጥ ከልጅ ልጃቸው ጋር «ዳይኖሰር» የሚባለው መጫወቻ ላይ የተሳፈሩ አንዲት አያት ወንበሩ ላይ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ አገኙ። ባለቤቱ መሣሪያ ደብቆ ለመያዝ የፍሎሪዳ ፈቃድ የነበረው ሰው ነበር፤ ፓርኩ መሣሪያ እንደማይፈቅድ አላውቅም ነበር አለ። ሽጉጡ ከኪሱ ወድቆ ነው። በበሩ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን በትጋት ሠርተው እንኳ ቢሆን ሊያገኙት አይችሉም ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ አልነበረማ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ከተማ 14 ሰዎች ተገደሉ። ከፓሪሱ የኖቬምበር ጥቃት ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ዲዝኒ፣ ዩኒቨርሳልና ሲወርልድ በኦርላንዶ በሮቻቸው ላይ ብረት ጠቋሚ በር ተከሉ። ዲዝኒ የሠለጠኑ ውሾች አመጣ፤ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ መግባት ከለከለ፤ ራሱም በፓርኮቹ ውስጥ መሸጡን አቆመ። ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ የሆኑ እንግዶችም የተረት ገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሰው እንዳይገቡ ተደረገ። ለልጅዎ የገዙለት የውሃ መርጫ ሽጉጥ በር ላይ ቢወሰድበት ምክንያቱ ይህ ነው።

የሕፃናት ጋሪ ለምን ይህን ያህል እንደሚበረበር የሚገርመው ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብሱን አንሱ፣ ከሥር ያለውን ኪስ ክፈቱ ይባላል። በጁን 2016 በኦርላንዶ ፐልስ የምሽት ክበብ ውስጥ 49 ሰዎች ተገድለው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በተካሄደው ችሎት ዐቃቤ ሕግ እንዳስረዳው ገዳዩ መጀመሪያ ያሰበው የዲዝኒን የገበያና የመዝናኛ ሠፈር ነበር፤ መሣሪያውንም በሕፃን ጋሪ ውስጥ ሊደብቅ አቅዶ ነበር። በቦታው ፖሊሶች መኖራቸውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠ ነው የተባለው። እንግዲህ ጋሪው ሲፈተሽ ልጅዎን የተጠራጠረው ሰው የለም።

ሌላው ለውጥ የቦታ ነው። አንድ ሺህ ሰው በአንድ በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ሰልፉ ራሱ አደጋ ይሆናል፤ ክፉ አሳቢ ወደ ውስጥ መግባት ሳያስፈልገው ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ በ2017 ዲዝኒ ወርልድ ለማጂክ ኪንግደም ፓርክ ፍተሻውን ከፓርኩ በር አንስቶ ሰዎች ሞኖሬልና ጀልባ ከሚሳፈሩበት ጣቢያ ፊት ለፊት አደረገው። ለእርስዎ ይህ ማለት በመኪና ማቆሚያው በኩል ሲመጡ ፍተሻው የሚያገኝዎት ፓርኩን ገና ከሩቅ ሳያዩ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። የተለመደው ብረት ጠቋሚ በር በጎንና በጎኑ ባሉት ጥቅል ሽቦዎች መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። ብረት በመሃል ሲያልፍ በብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሳል፤ ማሽኑ የሚሰማው የዚያን ምላሽ ነው። ኤክስሬይ አይደለም። ነፍሰ ጡር ነኝና ይጎዳኛል ብለው የሚፈሩ እህቶች አሉ፤ በዚህ በር ማለፍ እንደ ሐኪም ቤት የጨረር ምርመራ አይደለም። ልባቸው ላይ ፔስሜከር የተተከለላቸው ሰዎች አስቀድመው ለጥበቃው መናገር፣ በሩ ውስጥም ቆም ሳይሉ ማለፍ ይበቃቸዋል፤ በእጅ በሚያዘው ጠቋሚ ደረታቸው ላይ እንዳይቆይባቸው መጠየቅም መብታቸው ነው።

በ2020 ክረምት ፓርኮች ከኮቪድ መዘጋት በኋላ ሲከፈቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማሽን መጣ። ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ናቸው። ሰው ቦርሳውን ሳያወርድ፣ ኪሱን ሳያራግፍ እየተራመደ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ የብረቱን ቅርጽና መጠን ገምቶ መሣሪያ የሚመስለውን ብቻ ይጠቁማል፤ ከጎን የቆመው ጥበቃ ስክሪኑ ላይ ምልክቱ የሰውየው ቀኝ ኪስ ላይ ይሁን ጀርባው ላይ ያያል። ሰልፉ በእርግጥ አጥሯል። ይሁንና ማሽኑ አዋቂ ነው ማለት አይደለም። የታጠፈ ጃንጥላ፣ የብረት መነጽር ማስቀመጫና ቡና የተሞላ ቴርሞስ የሽጉጥ አፈሙዝ ይመስሉታል። እነዚህን ከቦርሳ አውጥቶ ከፊት ለፊት እጅን ዘርግቶ መያዝ ነው፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ሳይቆሙ ያልፋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያመልጠውም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በኖቬምበር 2024 ኢቮልቭ የተባለውን የእነዚህን ማሽኖች አምራች ስለ ማሽኖቹ ችሎታ ያልተገባ ማስታወቂያ አስነግሯል ብሎ ከሶታል። በክሱ ላይ የቀረበው የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነበር። ከማስረጃዎቹ አንዱ በ2022 አንድ ተማሪ ቢላዋ ይዞ በማሽኑ ማለፉና ሌላውን መውጋቱ ነው። የእኔ ግምት ማሽኑ ከሚይዘው ሰው ይልቅ በሩቁ አይቶት የሚመለሰው ይበዛል የሚል ነው። ያም ቢሆን ጥቅም ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ ደርሰናል። ያ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፖሊስ ነው ወይ? አይደለም። የፓርኩ ሠራተኛ ነው። ፓርኩ የግል ንብረት ነው፤ ፍተሻው ደግሞ ከቲኬቱ ጋር የተሸጠልዎት የመግቢያ ውል ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት ከመበርበር የሚጠብቀን ከመንግሥት ነው እንጂ ከግል ኩባንያ አይደለም። ስለዚህ ጥበቃው ቦርሳዎን ለማየት የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልገውም። በአንጻሩ በግድ ሊበረብርዎም አይችልም። አልፈተሽም ማለት ይችላሉ፤ ያኔ አይገቡም፤ ሄደው መመለስ ነው። የቲኬቱ ገንዘብ ይመለስ አይመለስ የሚለው የፓርኩ ፈንታ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት መጠየቅም ሥራው አይደለም። በቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ አውጥተው የሚያሳዩ ወገኖች አይቻለሁ፤ አያስፈልግም። ስም ከቲኬቱ ጋር የሚመሳከር ከሆነ ያ ከፍተሻው በኋላ ቲኬት የሚታይበት በር ላይ ነው።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ጥያቄ አይተውታል፤ በፓርክ ሳይሆን በስታዲየም ጉዳይ ነው እንጂ። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ በ2005 ተመልካቾች ሁሉ በእጅ እንዲዳበሱ ባዘዘ ጊዜ በታምፓ፣ ፍሎሪዳ አንድ የዓመት ቲኬት ያለው ሰው ከሰሰ። ስታዲየሙ የመንግሥት አካል የሚያስተዳድረው ስለነበር አራተኛው ማሻሻያ ይመለከተው ነበር። የአትላንታው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ሰውየው እያወቀ በተደጋጋሚ መጥቶ እስከተፈተሸ ድረስ ተስማምቷል አለ። በሳን ፍራንሲስኮም ባልና ሚስት ተመሳሳይ ክስ አቀረቡ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት የግል ሕይወትን መብት በግል ኩባንያዎች ላይም ስለሚያስከብር የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ክሱ ገና ሳይሰማ መዘጋት የለበትም፣ ክለቡ መጀመሪያ ምክንያቱን ያስረዳ ብሎ መለሰው። ዳበሳው ሕገወጥ ነው አላለም። ያም ሆኖ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ መካከል ልዩነት እንዳለ ያሳያል።

አውሮፓ ላሉት ደግሞ የፈረንሳይን ሕግ ልጥቀስ፣ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ብዙዎቻችን የምንሄድበት ስለሆነ። በዚያ አገር የግል ጥበቃ ቦርሳዎን በዓይኑ ማየት ይችላል፤ እጁን ከትቶ ለመበርበር ግን ፈቃድዎን ይፈልጋል። ሰውነትን መዳበስ የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች፣ በግልጽ ፈቃድዎና በተመሳሳይ ጾታ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሴት ልጅን ወንድ ጥበቃ ሊዳብሳት አይችልም፤ ሴት ሠራተኛ ትምጣልኝ ማለት ሕጋዊ ጥያቄ ነው። ፍተሻው እዚያ ጠበቅ ይላል፤ ምክንያትም አለው። ፓርኩ ከኖቬምበር 2015 ጥቃት በኋላ ለአራት ቀናት ተዘግቶ ነበር። በጃኑዋሪ 2016 ደግሞ በአንዱ ሆቴሉ መግቢያ ላይ በኤክስሬይ ማሽን ሁለት ሽጉጥ የያዘ ሰው ተይዟል።

ስለ ነጠላ፣ ሂጃብና ጥምጥም አንድ ነገር ልበል። እነዚህን አውልቁ ማለት የተለመደ አሠራር አይደለም። ማሽኑ ከጮኸ በእጅ የሚያዘው ጠቋሚ ይበቃል። አውልቂ የሚል ቢመጣ ሴት ሠራተኛና ከሰው ዓይን የተከለለ ቦታ መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም።

እንግዲህ ፈታሹ የሚፈልገው ምንድን ነው? አንደኛው ግልጽ ነው፦ መሣሪያ፣ ጥይት፣ ቢላዋ፣ እንዲሁም ብዙ እህቶች ማታ ከሥራ ሲመለሱ ለራሳቸው መከላከያ የሚይዙት ፔፐር ስፕሬይ። ይህ የመጨረሻው ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ተረስቶ ስለሚመጣ ልብ ይባል። ለብርቱካን መላጫ ተብሎ ቦርሳ ውስጥ የሚከተት ትንሽ ቢላዋም ያው ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ሌላውን ሰው የሚያውክ ዕቃ ነው። የራስን ፎቶ ማንሻ ዘንግ ዲዝኒ በ2015 ከልክሏል፤ ከሜይ 2019 ጀምሮ ደግሞ ወርዱ ከ79 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የሕፃን ጋሪ አይገባም፤ ልጆች ጭነው የሚጎትቱት ሠረገላም እንደዚሁ። ልቅ በረዶ ቀርቷል፤ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ የሚደረገው የታሸገው ማቀዝቀዣ ይፈቀዳል።

ሦስተኛው ከደኅንነት ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም፤ ንግድ ነው። ምግብ ማለቴ ነው። አንዳንዱ ፓርክ ቦርሳዎን ሲያይ ፈንጂ እንደሚፈልግ ሁሉ ሳንድዊችም ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ውስጥ የሚሸጠው በርገር ከቲኬቱ ቀጥሎ ዋናው ገቢው ነው። በዚህ ረገድ ፓርኮች አንድ አይደሉም። ዲዝኒ ለራስዎ የሚበሉትን ምግብ ይዘው እንዲገቡ ይፈቅዳል፤ የመስታወት ዕቃ፣ አልኮል፣ መሞቅ የሚያስፈልገው ምግብ ግን አይቻልም። የሕፃን ምግብ የያዘች ትንሽ የመስታወት ዕቃ ትታለፋለች። ደንቡ ኃይለኛ ሽታ ያለው ምግብንም ይከለክላል። ወገኖቼ፣ ዶሮ ወጡ እዚህ ላይ ይቸገራል። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ጠበቅ ያለ ነው፦ ውሃ እስከ 2 ሊትር፣ የማይሞቅ ቀላል መክሰስ፣ የሕፃን ምግብ፣ በጤና ምክንያት የሚያዝ የተለየ ምግብ። የሲክስ ፍላግስ ፓርኮች በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ምግብ አያስገቡም። በዋሺንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች የለመድነው የሜሪላንዱ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ስለተዘጋ ልጆቻችንን ወደ ቨርጂኒያው ኪንግስ ዶሚኒየን መውሰድ ጀምረናል፤ እሱም ከ2024ቱ ውህደት ወዲህ የዚያው ኩባንያ ነው። በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው የጾም ምግቡ በር ላይ እንደ ጤና ጉዳይ ይታይልኛል ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል፤ አስቀድሞ ለፓርኩ ጽፎ መልሱን በስልኩ ይዞ መሄድ ነው። አለዚያም ምሳውን መኪና ውስጥ ትቶ በምሳ ሰዓት ወጥቶ መብላት ይቻላል፤ ብዙ ፓርኮች በዚያው ቀን ወጥቶ መመለስን ይፈቅዳሉ፣ ተመልሶ ሲገባ ግን ዳግመኛ ይፈተሻል።

በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ በአውሮፕላን ይዞ የመጣ ሰው ኤርፖርት ላይ ተቆጥቶበት ስለሚያውቅ ፓርክም እንደዚያ ይመስለዋል። ሁለቱ ይለያያሉ። የአሜሪካ ኤርፖርት ፈሳሽ ነገር በእጅ ሻንጣ ውስጥ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈቅዳል፤ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት ደግሞ ለተጨማሪ ምርመራ ሊለይ ይችላል። በፓርክ በር እንዲህ ያለ መጠን የለም። ለሕፃኑ የተዘጋጀ ወተት፣ የሙቀት መከላከያ ክሬም፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተያዘ ጠበል በሙሉ ያልፋሉ። ችግር የሚፈጥረው መጠኑ ሳይሆን ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ስም ያልተጻፈበት ዱቄት በፌስታል ተቋጥሮ ሲገኝ ጥበቃው መጠየቁ አይቀርም። በሶ ከሆነ የተጠበሰ የገብስ ዱቄት ነው፣ በውሃ በጥብጠን እንጠጣዋለን ብሎ መመለስ ነው። መድኃኒትም እንደዚሁ በሐኪም ስም በተለጠፈበት ዕቃው ይሁን። ኢንሱሊንና መርፌው አይከለከልም።

እስካሁን ያልነው በሙሉ ቢከፋ ዕቃ መጣል ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከዚያ ይለያል። ጥበቃው ፖሊስ ባይሆንም ፖሊስ ግን ከአጠገቡ አለ። በዲዝኒ ወርልድ የኦሬንጅ ካውንቲ ሸሪፍ መኮንኖች፣ በካሊፎርኒያው የአናሃይም ፖሊሶች ይቆማሉ። ፈታሹ በሕግ የተከለከለ ነገር ካገኘ እነሱን ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የፓርክ ደንብ መሆኑ ያበቃና የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። በኤፕሪል 2019 ከኖርዝ ካሮላይና የመጡ የ69 ዓመት አያት በማጂክ ኪንግደም መግቢያ ላይ የእጅ ቦርሳቸው ሲከፈት ሲቢዲ የሚባለው ዘይት ተገኘባቸው። ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሐኪማቸው የመከራቸው፣ ከሱቅ በግልጽ የሚገዛ ዘይት ነው። መኮንኑ በቦታው መረመረው፤ ማሽኑ የማሪዋና ንጥረ ነገር አለው አለ፤ አያቲቱ ታስረው በከባድ ወንጀል ተከሰሱ። ክሱ በኋላ ተሰርዟል፤ ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት ከጁላይ ጀምሮ ሕጉን አሻሽላለች። ግን ለሰዓታት እስር ቤት ቆይተዋል፤ ያን ያህል ጊዜ ያጠራቀሙለት ጉዞም በዚያው አለፈ። እሳቸው ዜጋ ነበሩ።

እኛስ? ጫትን ለአብነት እንውሰድ። ብዙ ወንድሞች ከአገር ቤት እንደለመዱት ቅጠል ነው ብለው ያስባሉ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ተመዝግቧል። በእንግሊዝም ጫት ከጁን 2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ረጅም መኪና መንዳት ስላለ ተብሎ ከኋላ ወንበር ኪስ ወደ ልጆቹ ቦርሳ የተሻገረ ቅሪት ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው። ማሪዋና ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ በካሊፎርኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ትልቅ ሰው ቢይዘው በክፍለ ሀገር ሕግ አይቀጣም። ፓርኮች ግን ይከለክሉታል፤ ፌዴራል ሕግም እንደተከለከለ ነው። ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። ዜግነት የሌለው ሰው በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ከተፈረደበት ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ሕጉ የተወው ለግል የተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና አንድ ጊዜ የተገኘበትን ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ለመባረር እንጂ ለሌላው ጣጣ አይደለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ማሪዋና በክፍለ ሀገር ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ዜግነት ለሚያመለክት ሰው የመልካም ጠባይን ማረጋገጫ ሊያሳጣው እንደሚችል ጽፏል። የታክሲ ተሳፋሪ ኋላ ወንበር ላይ ጥሎት የሄደ የማሪዋና ከረሜላ፣ ወይም ጎረምሳው ልጅ በጃኬቱ ኪስ የረሳው ትንፋሽ መሳቢያ፣ አባትየው ያንን ጃኬት ይዞ በር ላይ ሲደርስ የእሱ ጉዳይ ይሆናል። ጠዋት ከሆቴል ሳይወጡ ቦርሳውን ሁሉ አልጋ ላይ ገልብጦ የእያንዳንዱን ኪስ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘና ፖሊስ ከመጣ ስምን መናገር፣ በትሕትና መቆም፣ ዕቃው የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ግን ጠበቃ ሳይኖር አለማብራራት ነው። በባህላችን ዝም ማለት ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል፤ በዚህ አገር ሕግ አይቆጠርም። የሚመጣው ጠበቃ ደግሞ የወንጀል ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ይሁን፤ ለዜጋ ቀላል የሆነ የጥፋተኝነት ስምምነት ለሌላው መባረሪያ ሊሆን ስለሚችል።

ተራ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወደ መኪና መመለስ ወይም መጣል። ጥበቃዎቹ ዕቃ አያስቀምጡም፤ ሎከሮቹም በአብዛኛው ከፍተሻው ወዲያ ናቸው። በመኪና ያልመጣ ሰው ሆቴሉ እንዲያስቀምጥለት ይጠይቅ። ፈታሹ ከሥርዓት ውጭ ተናግሮ ከሆነ እዚያው ሰልፉ ላይ መጨቃጨቅ ልጆችን ከማስደንገጥ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ሱፐርቫይዘር እፈልጋለሁ ማለት ይቻላል። አለዚያም ሰዓቱን፣ የበሩን ስምና በደረቱ ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ ከገቡ በኋላ ጌስት ሪሌሽንስ ወደሚባለው ቢሮ መሄድ ነው፤ ቢሮው ብዙውን ጊዜ ከዋናው በር አጠገብ ይገኛል፣ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ አጭር ነው።